የማይሰምጥ ክር

ክር መግዛት ከባድ ነገር ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሳቁበት። እኔም ስቄ ነበር። መርፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። የነጠላ ጥለት ሲፈታ እቋጥራለሁ፣ የካህን ካባ ሲተረተር እጠግናለሁ፤ ስዊድን አገር ከመጣሁ ወዲህ እንኳ መቁጠሪያው የተበጠሰበት ምእመን ሁሉ ዶቃውን በላስቲክ ቋጥሮ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት የዓሣ ማጥመጃ ክር መምረጥ አቅቷት አንድ ሙሉ በጋ ስትንከራተት ከረመች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? በጋ ያልኩት እዚህ አገር በጋ የሚባለውን ነው፤ ማለትም የእኛን ክረምት። ይህን ማስረዳት ከጀመርኩ ወደ ክሩ አንደርስምና እንለፈው።

ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና አንተ ብያቸው አላውቅም። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ስዊድን ገቡ፤ እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ተከተልኳቸው። እሳቸው ሄሰልቢ፣ የአረንጓዴው ባቡር መጨረሻ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ይኖሩ ነበር። እኔ አልቢ ነኝ፤ ቀዩ ባቡር ሊያልቅ ሁለት ጣቢያ ሲቀረው። ስንጠያየቅ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነበር የምንለካው።

ጋሼ የሚወዱት ነገር ክርክር፣ ጨውና ዓሣ ማጥመድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አራተኛ እንኳ አልወጣችም፤ ይህ የእኔ የዘወትር ሐዘን ነው። ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጠው፣ በቢላ ጠርበው፣ ሆዱን ነጭ ጀርባውን ጥቁር ቀብተው የሠሩት አንድ የእንጨት ዓሣ ነበራቸው። ሆዱ ሥር መንጠቆዎች ተንጠልጥለውበታል። እንደ ሌላው ማጥመጃ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ላይ ላይ ተንሳፍፎ ክሩ በተሳበ ቁጥር አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ ይሄዳል። እውነተኛው ዓሣ ከሥር ሆኖ ሲያየው የቆሰለ መስሎት ዘልሎ ይጎርሰዋል። ጋሼ ይህን እንጨት "መሪጌታ" ብለው ጠሩት።

"ምነው ጋሼ፣ ሌላ ስም ጠፍቶ?" ብላቸው፣

"አታይውም ሲወርብ?" አሉኝ።

ሦስት ቀን አላነጋገርኳቸውም። ግን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሲወርብ አይቼዋለሁ። ከአንዳንድ መሪጌታ ይሻላል።

የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ከዓመት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ጊዜ ሲቀረው፣ በዐቢይ ጾም፣ ጋሼ እኔ ቤት ሽሮ ሊበሉ መጡ። አንድ ጎረሱና "ይሄ ነገር ጨው" አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ወደቁ። ሁዲንጌ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ረግቶ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን ደነዘዘ፣ ንግግራቸውም ሄደ። ሁሉም አልሄደም፤ አንዲት ቃል ቀረች። "ፕረሲስ።" ስዊድኖች "ልክ ነው፣ እንዳልከው ነው" ለማለት የሚሏት ቃል ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ተስማምተው ለማያውቁት ሰው የተረፈችላቸው የመስማማት ቃል ሆነች።

"ራብዎት ጋሼ?"

"ፕረሲስ።"

"ወይስ ጠግበዋል?"

"ፕረሲስ።"

የንግግር ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። ሐሳባቸው ሙሉ ነው፣ በሩ ነው የተዘጋው አለችኝ። አዎንና አይደለም እንኳ ስለተቀላቀሉባቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አትመኚው አለችኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ለማወቅ ዓይናቸውንና ግራ እጃቸውን ማየት ነበረብኝ። ማየት ደግሞ እችላለሁ ብዬ አምን ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ጋሼ ከሆስፒታል ሊወጡ ባሉበት ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰዎች ከካህናችን ከአባ ጋር ሆነው፣ ገና ጋሼ ሳይመለሱ ቤታቸውን ጠበል ሊያስረጩ ተነጋገሩ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤት ማገላበጥ ከእናቴ የወረስኩት ደዌ ነው። ቁልፉን ይዤ ሄሰልቢ ሄድኩና ከጣሪያው እስከ ሶፋው ሥር ፈተግሁት። ጥጉ ላይ የማጥመጃ ዘንጋቸው ቆሟል። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ላይ ያለው ናይለን ቢጫ ሆኗል፣ ተወሳስቧል፣ ይሸታል። ጠበል በሚረጭበት ቤት የዓሣ ሽታ? በመቀስ ቀረጣጥፌ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። "የሚያስር ነገር ሁሉ አይጣልም" የምትለው እናቴ ትዝ ብላኝ ግን አንድ ክንድ ያህል ለጉዳይ አስቀረሁ። መሪጌታን በሳሙና አጠብኩ። ማጠንጠኛውን ወለወልኩ። የእመቤታችንን ሥዕል ጋሼ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ሰቀልኩ። ቤቱ ቤት መሰለ። አባ ጠበል ረጩ፣ ሰዎቹም "እህት ማለት እንዲህ ነች" ብለው መረቁኝ።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ገቡ። ወንበራቸው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ በግራ እጃቸው ዘንጉን ጠቆሙ፤ አቀበልኳቸው። ባዶውን ማጠንጠኛ አዩት። አዞሩት። እኔን አዩኝ።

"ፕረሲስ" አሉ።

ምን ማለት እንደሆነ የንግግር ሐኪም አላስፈለገኝም።

ሐኪሟም ይባስ ብላ "ሰው የሚወደውን ሥራ ሲሠራ ቃል የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ያጥምዱ" አለችኝ። ይኸውላችሁ፤ የጋሼ ቃል የሚመለሰው በዓሣ ነው፣ ዓሣው የሚያዘው በክር ነው፣ ክሩን ቆሻሻ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ የትኛው ክር እንደሆነ ሊነግሩኝ አይችሉም። እኔ ደግሞ የጣልኩትን ክር ከሽታው በቀር አላስታውሰውም።

አልማዝ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞርን ስንንከባከብ አብረን ነው የምንሠራው። ነገሩን ስነግራት "ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ክር ክር ነው" አለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ስለ ዓሣ ግን አበው የተናገሩት ነገር የለም።

ከተማ መሃል የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ ክር ነው። ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ጎልማሳ ነው፤ መነኩሴ መስሎኝ ልሳለመው ምንም አልቀረኝም።

"ለምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ።

"ለወንድሜ።"

"ለየትኛው ዓሣ ማለቴ ነው።"

"ያ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለበት፣ ክንፉ ቀይ የሆነው።"

"አቦሬ ይባላል። ማጥመጃውስ ምን ዓይነት ነው?"

እዚህ ላይ አፈርኩ። ያን ሁሉ የሚያብለጨልጭ ዕቃ እያየሁ የመጥረጊያ እጀታ ነው እንዴት ልበል? "እንጨት ነገር ነው፤ አንተ ብቻ ጥሩውን ስጠኝ" አልኩት። ሐኪምና ክር ሻጭ ሲጠይቁ መሸፈን እንደማይገባ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውየው ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር አወጣ። ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም፣ ዓሣ አጠገቡ ቢደርስ እንኳ አያየውም አለኝ። ልቤ ረካ። ጥሩ ስፌት የማይታይ ስፌት ነው፤ የማይታይ ክር ደግሞ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል?

በማግስቱ ጋሼን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ሐይቁ ላይ ወደሚዘልቀው የእንጨት መተላለፊያ ወሰድኳቸው። ዘንጉን በግራ እጃቸው ወረወሩ፤ እንዴት እንዳማረባቸው። መሪጌታ አንዴ ወደ ግራ ወረቡ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ወረቡ፣ ከዚያ የማይታየው ክር ለካ እንደ ድንጋይ የሚሰምጥ ኖሮ አፍንጫቸውን ይዞ ወደ ታች ሳባቸው። በግንባራቸው ተደፉ። ጋሼ ደጋግመው ወረወሩ፤ መሪጌታ ደጋግመው ሰገዱ። በመጨረሻ የውሃ ሣር ውስጥ ገቡና ጫማዬን አውልቄ አወጣኋቸው።

ቤት ስንመለስ ግን ተአምር ሆነ። ጋሼ ግራ እጃቸውን አንሥተው ወደ እመቤታችን ሥዕል ጠቆሙ። "ፕረሲስ" አሉ። እኚያ ቤተ ክርስቲያን በሠርግና በቀብር ብቻ የሚያውቁ ሰው። እንባዬ መጣ። ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። እንደገና ጠቆሙ። ሻማ አበራሁና ውዳሴ ማርያም አነበብኩ። ሦስተኛ ሲጠቁሙ የወንበሩን ክንድ መቱት፤ ይህ የንስሐ ምት ነው ብዬ ሰገድኩ። ማታውኑ ለአልማዝ ደወልኩላት።

"ጋሼ?" አለች፤ "ጋሼ ወደ ሥዕል? ሌላ ነገር ፈልገው እንዳይሆን ተመልከቺ።"

"አንቺ ድሮም እምነት ይጎድልሻል" ብዬ ዘጋሁባት።

ወደ ሱቁ ተመለስኩና ማጥመጃው ላይ ላይ የሚሄድ እንደሆነ ተናዘዝኩ። ጢማሙ ሰውዬ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ" ብሎ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን ክር ሰጠኝ። ይህ ይንሳፈፋል አለ። እኔ ግን አሁን ሳልፈትሽ የምገዛ ሴት አልነበርኩም፤ ፈትሼ ካልሆነኝ መመለስ እንደምችል ጠይቄ ወሰድኩት። በጋሼ ሕንፃ ምድር ቤት ያለውን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰዓት አስይዤ፣ ገንዳውን በውሃ ሞልቼ፣ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የማይታየው እንደ ኃጥእ ነፍስ ወደ ታች ወረደ። ሹሩባው ተንሳፈፈ። ጎንበስ ብዬ "ተመስገን" ስል አንዲት ጎረቤት የልብስ ቅርጫት ይዛ ገባች። ገንዳውን አየችው። ልብስ የለም። እኔን አየችኝ። ቅርጫቷን እንደያዘች ወጣች። በማግስቱ በሩ ላይ "ይህ ክፍል ለልብስ አጠባ ብቻ የሚያገለግል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ አገር ሰው ሲናደድ አይጮህም፤ ወረቀት ይለጥፋል።

ሹሩባው እውነትም ተንሳፈፈ። ችግሩ ልፍስፍስ መሆኑ ነው። መሪጌታ ወደ ግራ በወረቡ ቁጥር ክሩ ከፊተኛው መንጠቆ ይጠመጠማል፤ በገዛ ሹሩባቸው ታስረው ይመጣሉ፣ እፈታቸዋለሁ፣ ጋሼ ይወረውሯቸዋል፣ ታስረው ይመጣሉ። ስምንተኛው ላይ ይሁን ዘጠነኛው፣ ውሃው ድንገት ፈነዳ። አቦሬው መሪጌታን ጎረሰ። ጋሼ ደንግጠው በኃይል ሳቡ፤ ይህ ክር እንደ ሽቦ ነው፣ ትንሽ እንኳ አይለጠጥም። መንጠቆው ከዓሣው አፍ ተነቅሎ መሪጌታ በአየር ላይ መጡ። ዓሣው ሄደ።

"አይዞዎት ጋሼ" ብዬ ጎንበስ ስል ጭናቸው ላይ ያለው ብርድ ልብስ ቀይ ሆኗል። የተረፈው ክር በደነዘዘው ቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ ሲስቡት እስከ አጥንት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አልተሰማቸውም። ውሃውን ነበር የሚያዩት።

"ጋሼ፣ እጅዎ።"

"ፕረሲስ" አሉ፤ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ።

ጣቶቻቸው እስኪያገግሙ ሁለት ሳምንት ቤት ዋልን። በነዚያ ቀናት ጋሼ ወደ ሥዕሉ ያልጠቆሙበት ቀን የለም፤ እኔም ያልጸለይኩበት ቀን የለም። አንዳንዴ በቀን አምስቴ። ጉልበቴ አበጠ። እሳቸው ሲብስባቸው ማጠንጠኛውን አንሥተው ወደ ግድግዳው ወረወሩት፤ ሥዕሉን ለጥቂት ሳተው። ይህ ጋኔን ነው ብዬ አባን ጠራሁ።

አባ መጥተው ረጅም ጸሎት አደረሱ። ጋሼ ይጠቁማሉ። አባ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። ጋሼ ይጠቁማሉ።

"ልጄ" አሉኝ አባ፣ "ሥዕሉን ከፈለጉ ለምን አውርደሽ አትሰጫቸውም? ይሳለሙ።"

ሁለት ወር ሙሉ ይህ አልታየኝም። አወረድኩና ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ጋሼ አልተሳለሙም። በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ገለበጡት። ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ምስማሮች መካከል፣ ሥዕሉን የሰቀልኩበት ቢጫ ናይለን አለ። በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይ ሳቡት። ተለጠጠ። ከዚያ መሪጌታን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"ፕረሲስ" አሉ።

አባ መነጽራቸውን አስተካክለው ክሩን አዩት። "ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከማጠንጠኛቸው ነው አባ። አንድ ክንድ አስቀርቼ ነበር።"

"እንግዲህ ሁለት ወር ያጸለዩሽ ክራቸውን ሲለምኑሽ ነዋ።" ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ጋሼን አይተው ተዉት።

ክሩን ፈትቼ በመሐረብ ጠቀለልኩና ወደ ባቡር ሄድኩ። ሥዕሉን ግድግዳው ሥር አስደግፌ ነው የወጣሁት። ባቡሩ ውስጥ ተሳልኩ። "እመቤቴ ሆይ፣ ጋሼ በዚህ ክር አንድ ዓሣ ቢይዙ፣ ጥለቱ የወርቅ ዘቦ የሆነ ጥላ አገባልሻለሁ" አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። አስታውሱልኝ።

ጢማሙ ሰውዬ ክሩን በጣቱ አሸው፣ ሳበው፣ አሸተተውም። "ይህማ ተራ ናይለን ነው፣ ወፈር ያለው። ቶሎ አይሰምጥም፣ አይጠመጠምም። ዓሣው ሲጎርስ ስለሚለጠጥም እጁ ለዘገየ ሰው ጊዜ ይሰጣል። ለዚያ ማጥመጃ ከዚህ የሚሻል የለም።" ጎንበስ ብሎ ከመጨረሻው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ጥቅልል አወጣ። ከሱቁ ክር ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

"ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርከኝም?"

"ጥሩውን ስጠኝ ነው ያልሽኝ" አለኝ።

የፍልሰታ ሁለተኛ ሱባኤ ነበር። ነፋስ የለም። ጋሼ ወረወሩ። መሪጌታ ውሃው ላይ አርፈው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ጋሼ ዘንጉን ነካ ሲያደርጉ ወደ ግራ፣ ነካ ሲያደርጉ ወደ ቀኝ። ክሩ ውሃው ላይ ተኝቶ ይከተላል። እኔ ከኋላ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። ውሃው ከሥራቸው አበጠና ተከፈተ፤ መሪጌታ ጠፉ። የጋሼ ግራ እጅ ዘገየ። ክሩ ግን ተለጠጠላቸው፣ ጠበቃቸው። ዘንጉ ጎበጠ።

አቦሬው አረንጓዴ ነው፣ ሰንበሩ ጥቁር፣ ክንፉ እንደ በርበሬ። መተላለፊያው ላይ ሲዘል ጋሼ በግማሽ አፋቸው ሳቁ፤ ግማሹ ፊታቸው አልሳቀም።

"ፕረሲስ" አሉ፤ ቀስ ብለው።

ከወደቁ ጀምሮ ያቺ ቃል ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ስታርፍ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ቀጥሎ ሌላ ቃል ይመጣል ብዬ አፍ አፋቸውን እያየሁ ጠበቅሁ። አልመጣም። ዓሣውን በግራ እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ይህን እንኳ ሳልሳሳት ገባኝ፤ ጥበሽልኝ ማለታቸው ነው። በጨው።

"ጋሼ፣ ፍልሰታ ነው እኮ" አልኳቸው። "ሲፈታ ሌላ ይይዛሉ።"

ዓሣውን ወደ ውሃው መለስኩት። ጋሼ የሄደበትን አቅጣጫ ሲያዩ ቆዩ። ያቺን ቃል እንኳ አላሉም።

ጾሙ ሲፈታ ዝናብ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ ጋሼን ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋኑ ሲለቅ ብርዱ መጣ። መሪጌታ መስኮቱ ላይ ከረሙ።

ስለቴን አላስቀረሁም። ጥላውን ከአዲስ አበባ በመንገደኛ አስመጥቼ በመስከረም አስገባሁ። አባ ተቀብለው ዘረጉት።

"ስለትሽ ምን ነበር ልጄ?"

"ዓሣ ነው አባ።"

"ንግግራቸውስ?"

"እሱን አልተሳልኩም።"

"ጤንነታቸውስ?"

"እሱንም።"

"ምነው?"

"ያን ጊዜ የቸገረኝ ክሩ ነበር አባ።"

አባ ጥላውን አንዴ አዞሩትና "ዘቦው ግን ያምራል" አሉኝ።

በኅዳር ጋሼ እንደገና ታመሙ፤ በዚህኛው ሐኪሞቹ ብዙ አላወሩኝም። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣቶቻቸው ላይ የሹሩባው ጠባሳ አለ። ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ይናዘዛል፤ እኔ ግን የበደልኩት ሰው ፊቴ ተኝቶ ነበር።

"ጋሼ" አልኳቸው፤ "ክርዎን የጣልኩት እኔ ነኝ። ሲለምኑኝ ስጸልይብዎ የከረምኩት እኔ ነኝ። ዓሣዎንም የመለስኩት እኔ ነኝ። ይቅር ብለውኛል?"

"ፕረሲስ" አሉ።

እፎይ አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እስከ ዛሬ እፎይ እንዳልኩ እኖር ነበር። ግን ተፈጥሮዬ ነው፤ እንኳን ይህን፣ ክር ሁለቴ ሳልፈትሽ የማልገዛ ሴት ሆኛለሁ።

"ወይስ ይቅር አላሉኝም?"

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

"ፕረሲስ።"